አራት ሴክሽን ይዤ ምርምር በየት በኩል?

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኮሙኒኬሽን መምህርት ነኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በዚህ ሴሚስተር አራት ሴክሽን ይዣለሁ። መድረክ መምራቱ፣ መጽሔት ማረሙ፣ የባነር ጽሑፍ ማየቱም እኛው ጋ ይመጣል። ዲናችን በየስብሰባው ‹ምርምር የታለ?› ይላሉ። ተማሪዎቼንም መበደል አልፈልግም። ሁለቱን እንዴት ላመጣጥን? ለመሆኑ እኛ የኮሙኒኬሽን ሰዎች በዚህ ጉዳይ ለዩኒቨርሲቲው የተለየ የምናደርገው ነገር አለ ወይስ እንደማንኛውም ዲፓርትመንት ነን?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አንቱታውን ትቼ አንቺ ብልሽ እንደማትቀየሚኝ ተስፋ አለኝ። በዚሁ ሙያ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ። ጥያቄሽ በእኛም ስታፍ ላውንጅ ማኪያቶ በቀረበ ቁጥር የሚነሳ ነው።

ብዙ ሰው የሚሰጥሽ ምክር «ጊዜሽን አብቃቂ፣ ሌሊት ተነሽ» የሚል ይሆናል። እኔ ይህን አልመክርሽም። ሌሊት እየተነሱ የሚጽፉት ጥናት አንዴ ሁለቴ ይሳካል። ከዚያ በኋላ ወይ ጤና ያስቸግራል ወይ ትዳር ያኮርፋል። የእኔ ሐሳብ ሌላ ነው። የኮሙኒኬሽን መምህር ክፍሉ ራሱ የምርምር ሜዳው ሊሆን ይችላል። ማስተማርና ምርምርን ለየብቻ ይዘሽ ሰዓት ልታካፍያቸው ከሞከርሽ ሁልጊዜ የሚሸነፈው ምርምሩ ነው። ክፍል የሚጠብቅሽ ተማሪ አለ፤ ምርምሩን ግን በር ላይ ቆሞ የሚጠብቅ የለም።

አስቀድመን ሎድሽን፣ ማለትም የማስተማር ድርሻሽን፣ እንይ። በብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ መምህር ሙሉ ሎድ የሚባለው በሳምንት 12 ክሬዲት አካባቢ ነው። አራት ሴክሽን በሦስት ክሬዲት ሲባዛ 12 ይመጣል። ወረቀት ላይ ሲታይ ልክ ነው፤ ትርፍ የለውም። ወረቀቱ የማያሳየው እርማቱን ነው። በየሴክሽኑ 50 ተማሪ ቢኖር 200 ተማሪ ነው። ሚድ፣ አሳይንመንትና ፋይናል ሲደመሩ በአንድ ሴሚስተር 600 ወረቀት። የእኛ ኮርስ ደግሞ ምርጫ አስከብቦ የሚያልፉት ዓይነት አይደለም። ተማሪው ካልጻፈና ካልተናገረ ምን ተማረ ይባላል?

ስለዚህ የሴኔት ሕጋችሁን አውጥተሽ አንብቢው። አብዛኛው መምህር የሚከፍተው ፕሮሞሽን ሊጠይቅ ሲል ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ማማከር ስንት ይቆጠራል? የኮሚቴ ሥራስ? ምርምር የያዘ ሰው ሎድ ይቀነስለታል ወይ? መልሱ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጁ፣ ቁጥር 1152/2011፣ ማስተማርንም ምርምርንም የማኅበረሰብ አገልግሎትንም ከመምህሩ ይጠብቃል። ስንት ስንት እጅ የሚለው ግን እዚያው ግቢያችሁ የሚወሰን ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ የመንግሥት ከሆነ ደግሞ ከየትኛው ወገን እንደተመደበ እወቂ። መንግሥት በተልዕኮ ሲለያቸው 8ቱን የምርምር፣ 15ቱን የአፕላይድ ሳይንስ ብሎ ከሌሎቹ አብዛኞቹን አጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ አድርጓቸዋል። «ምርምር የታለ?» የሚለው ጥያቄ በምርምር ዩኒቨርሲቲና በአጠቃላይ ዩኒቨርሲቲ እኩል ክብደት የለውም። ዲኑ ይህን ያውቁታል። አንቺም ማወቅሽን ይወቁ።

ስለ መድረኩ ጉዳይ ቆም ልበል፤ የእኛን ሙያ ለይቶ የሚያጠቃው እሱ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ስልክ ይደወላል። «ነገ እንግዶች ይመጣሉ፣ መድረኩን አንቺ ትመሪልናለሽ። ባነሩንም እስቲ እይልን።» ስትሄጂ ባነሩ ታትሞ አልቋል። «ዓውደ ጥናት» የሚለው «አወደ ጥናት» ሆኗል። አንቺ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ስትጨቃጨቂ የዓርብ ጠዋቱ ክፍል ይሠረዛል። የሒሳብ መምህሩን «የፋይናንስ ቢሮውን ደረሰኝ ና ደምርልን» ብሎ የሚጠራው የለም። እኛን ግን ይጠሩናል። ሕዝብ ግንኙነት የሚባል ቢሮ ደመወዝተኛ ሠራተኛ ይዞ እዚያው ግቢ ተቀምጦ እያለ ማለት ነው።

እምቢ በዪ አልልሽም። በየሴሚስተሩ ተማሪ ብቻ አይደለም የሚመዝንሽ፤ ባልደረባና ኃላፊም ይሞሉልሻል። «ትብብር የላትም» የተባለች መምህርት መዘዙ ብዙ ነው። ግን ጥያቄው በደብዳቤ ይምጣ። በደብዳቤ የመጣ ሥራ በአገልግሎት ሊያዝልሽ ይችላል። በስልክ የመጣው ውለታ ሆኖ ይቀራል፤ ውለታ ደግሞ ለረዳት ፕሮፌሰርነት አይቆጠርም። ሌላው መንገድ ሥራውን ወደ ኮርስሽ መሳብ ነው። የንግግር ጥበብ ወይም የሕዝብ ግንኙነት ኮርስ ከያዝሽ መድረኩን ሁለት ጎበዝ ተማሪ ይምራው፤ አንቺ ከኋላ ቁጭ ብለሽ ነጥብ ስጪ። ተማሪው ልምድ ያገኛል፣ እንግዳውም አይከፋም።

በጥያቄሽ ውስጥ ያላነሳሽው አንድ ነገር አለ፤ ዝም ብዬው ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ፓርት ታይም። ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ አልችል ብሎ ቅዳሜና እሑድ በግል ኮሌጅ የማያስተምር መምህር ጥቂት ነው። አንቺም ካለሽበት አልፈርድም። የምመክርሽ አዲስ ኮርስ እንዳትቀበዪ ብቻ ነው። በመደበኛው የምታስተምሪውን ያንኑ ኮርስ ውሰጂ። አዲስ ኮርስ ማለት የሚቀጥሉት አራት ወራት እሑዶች ስላይድ በማዘጋጀት ማለቅ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

ማስተማርና ምርምር አንድ ላይ ይሁኑ የሚለው ሐሳብ የቆየ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚጠቀሰው በ1810 እ.ኤ.አ. ከተከፈተው የበርሊን ዩኒቨርሲቲና ከቪልሄልም ፎን ሁምቦልት ጋር ነው። ነገር ግን ጥሩ ተመራማሪ ሁሉ በራሱ ጥሩ አስተማሪ ይሆናል ማለት አይደለም። ጆን ሃቲና ኸርበርት ማርሽ በ1996 እ.ኤ.አ. 58 ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲመረምሩ በሁለቱ መካከል ያገኙት ዝምድና 0.06 ነበር። ዜሮ ማለት ይቀላል። ይህን ብዙ ሰው «እንግዲያው ይለያዩ» ብሎ ይተረጉመዋል። እኔ ከዚህ የማነበው ሌላ ነው። ሁለቱ አይጣሉም፤ ግን በራሳቸው አይገናኙም፤ አውቆ የሚያገናኛቸው ሰው ይፈልጋሉ። ኧርነስት ቦየር ደግሞ በ1990 እ.ኤ.አ. የምሁርን ሥራ አራት አድርጎ ከፍሎት ነበር፦ አዲስ ነገር ማግኘት፣ ከተለያየ ሙያ የተገኘውን ማገናኘት፣ ዕውቀትን ሥራ ላይ ማዋልና ማስተማር። የእኛ አገር የመምህራን ዕድገት መመሪያዎች የሚያተኩሩት በመጀመሪያው ላይ ነው። ያም ሆኖ ቦየርን የሚያውቅ ዲን ካጋጠመሽ ጨዋታው ይቀላል።

እንዴት ይገናኙ? የምትኖሪበትን ሰፈር ተመልከቺ። ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቂሊንጦ። የኮንዶሚኒየሙ ሰው ዕጣ ወጥቶለት ወይም ተከራይቶ ከየሰፈሩ የመጣ ነው። የአንዳንዱ እድር አሁንም መሐል ከተማ ነው። የብሎኩ ኮሚቴ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ወረዳው ማስታወቂያ ይለጥፋል። አንዳንዴ ድምፅ ማጉያ የጫነች መኪና ታልፋለች። እንግዲህ የውሃ ፈረቃ ሲቀየር ማን ከማን ሰማ? ይህን ለማጥናት ከቱሉ ዲምቱ ተነስተሽ በቃሊቲ መንገድ ተጨናንቀሽ ስድስት ኪሎ ኬኔዲ ላይብረሪ መድረስ የለብሽም። ደረጃ መውረድ ይበቃል።

በመግቢያ ኮርሱ ላይ የሁለት ደረጃ ፍሰትን ታስተምሪያለሽ። ፖል ላዛርስፌልድና ባልደረቦቹ በ1940 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ኤሪ ካውንቲ መራጮችን ተከታተሉ። የሬዲዮና የጋዜጣው መልእክት ብዙ ጊዜ በቀጥታ ሳይሆን በቅርብ በሚታመን ሰው በኩል እንደሚደርስ አዩ። ተማሪው ይህን ሸምድዶ ፈተና ላይ ይጽፍልሻል፤ በማግስቱ ይረሳዋል። አሁን እያንዳንዱ ተማሪ በሚኖርበት ወይም በግቢው አቅራቢያ ባለ ሰፈር ሦስት ሰው ያነጋግር። 50 ተማሪ ካለሽ 150 ቃለ ምልልስ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ይዘው ይመጡልሻል፦

«የውሃ ፈረቃው መቀየሩን ከየት ሰሙ?»
«ከቴሌግራም።»
«የብሎኩ ግሩፕ ውስጥ አሉ ማለት ነው?»
«ኧረ እኔ የለሁበትም፤ ስልኬ አይችለውም። ልጄ ናት አይታ የነገረችኝ።»
«ልጅዎስ ግሩፑ ውስጥ ናት?»
«እሷም ጓደኛዋ ልካላት ነው።»

እይው እንግዲህ። ተማሪው የመጀመሪያው መልስ ላይ ቢያቆም ኖሮ እኚህ እናት «ቴሌግራም ተጠቃሚ» ተብለው ሠንጠረዥ ውስጥ ይገቡ ነበር። ሁለት ጥያቄ ሲጨመር ወሬው በሁለት ሰው እጅ ተቀባብሎ እንደደረሳቸው ታወቀ። ክፍል ውስጥ ይህችን ስድስት መስመር ቦርድ ላይ ጻፊያት። የቃለ መጠይቅ ቴክኒክም፣ ንድፈ ሐሳቡም፣ የዳታ ጥራትም በአንድ ክፍለ ጊዜ ይሄዳል። ተማሪው የተማረበት፣ አንቺም የሰበሰብሽው ያው ወረቀት ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት መልሶቹን በዓይነት መመደቡን፣ ኮድ መስጠት የሚባለውን፣ አስተምሪያቸው። ሁለት ተማሪዎች ሳይነጋገሩ ያንኑ 30 ምልልስ ለየብቻ ይመድቡ። «ከጎረቤት»፣ «ከቤተሰብ»፣ «ከኮሚቴ»፣ «ከማስታወቂያ»፣ «ከሚዲያ» እያሉ። ከዚያ ስንቱ ላይ እንደተስማሙ ይቆጠር። እዚህ ላይ የመዳቢዎችን ስምምነት የሚለካውን የጄኮብ ኮኸንን ካፓ ታስገቢያለሽ፤ በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ወይም የክሪፐንዶርፍን አልፋ። ክሪፐንዶርፍ የሚጠይቀው 0.80 ነው፤ 0.667 ላይ ያለውን ለጊዜያዊ ድምዳሜ ብቻ ይፈቅዳል። ተማሪዎችሽ በመጀመሪያው ዙር እዚያ አይደርሱም። ጥሩ ነው። «የኮሚቴው ሰብሳቢ ጎረቤቴ ናቸው» ያለ ሰው በየትኛው ይግባ እያሉ ሲከራከሩ ክፍሉ ይሞቃል። ያ ክርክር የኮድ መመሪያሽን ያጠራልሻል። ለጆርናል ጽሑፍሽን ለሚገመግም ሪቪወርም መልስ ይሆንሻል።

ሁለት ሦስት ነገር ግን ተጠንቀቂ። ተማሪው የሚያነጋግረው የቀረበውን ሰው ነው፤ ናሙናው በዕጣ የተመረጠ አይደለም። ስለዚህ «የኮዬ ፈጬ ነዋሪ ይህን ያህል በመቶ» ብለሽ እንዳትጽፊ። ስለ ወሬው መንገድ ጻፊ፤ ለዚያ 150 ቃለ ምልልስ ሀብት ነው። ቋንቋውም ይታሰብበት። በከተማው ዳርቻ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ይነገራል። ሰውየው በተናገረበት ቋንቋ ይመዝገብ፤ ለጽሑፉ የምትጠቅሽውን ብቻ ተርጉሚ። ስልክ ቁጥርና የቤት ቁጥር አያስፈልግሽም፤ አትሰብስቢ። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ አለ። በተማሪ ስልክ ውስጥ ተቀድቶ የቀረ ድምፅ ነገ ራስ ምታት ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ካለው ደግሞ ሥራው ከመጀመሩ በፊት አስፈቅጂ። ዳታው ከተሰበሰበ በኋላ የሚሰጥ የኮሚቴ ፈቃድ የለም።

ከሁሉ የሚከብደው የተማሪው ፈቃድ ነው። አንቺ ግሬድ ሰጪ ነሽ። «ሥራህን ለጥናቴ ልጠቀምበት?» ስትዪው እምቢ ይልሻል? አይልሽም። ስለዚህ ግሬዱን ሬጅስትራር ካስገባሽ በኋላ ጠይቂው። ፈቃዱን የሚሰበስበው ሌላ ባልደረባ ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ፈቃድ ያልሰጠውን ወረቀት አውጪው። ኮዱን አብሮ የሠራ፣ ረቂቁን አብሮ የጻፈ ተማሪ ካለ ስሙ ከስምሽ ጋር ይውጣ። ሦስት ሰው ያነጋገረ ሁሉ ግን ደራሲ አይደለም፤ በጋራ ይመስገን። በዚህ ላይ ጠንከር የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። የተማሪን የመመረቂያ ጽሑፍ ሽፋን ቀይሮ በራሱ ስም የሚያሳትም ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንቺ ከክፍል ዳታ የምትሠሪ ከሆነ ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው በግልጽ መለየት አለብሽ።

ስለ ማሳተም ባጭሩ፦ «ጽሑፍዎ በ48 ሰዓት ይታተማል» የሚል ኢሜይል ሲደርስሽ ሰርዢው። ትምህርት ሚኒስቴር ዕውቅና የሰጣቸው የአገር ውስጥ ጆርናሎች አሉ፤ ዝርዝሩን ከምርምር ቢሮ ጠይቂ። ዕድገት ኮሚቴ ፊት የሚያሟግትሽ እሱ ነው።

የመውጫ ፈተናው ነገርስ ትዪኝ ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉም ምዕራፍ ለመጨረስ ይሮጣል፤ እውነት ነው። ግን ስሌቱን አስቢው። የሁለት ደረጃ ፍሰትን በስላይድ አንድ ክፍለ ጊዜ ታስተምሪያለሽ። በዚህኛው መንገድ ሦስት ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ ነገር ግን የቃለ መጠይቁንና የይዘት ትንተናውን ምዕራፍ አብረሽ ጨረስሽ። የሚያልቀው ጊዜ ያን ያህል አይራራቅም። በአራቱም ሴክሽን እንዳትሞክሪው ብቻ። በአንዱ ጀምሪ። የአራት ሴክሽን ዳታ አንድ ላይ ከመጣ ክረምቱን ሙሉ ሲያስጨንቅሽ ይከርማል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ፤ ለዩኒቨርሲቲው የተለየ የምናደርገው አለ ወይ? አለ፤ ማይክ መያዙ ግን አይደለም። ከተማሪው 70 በመቶውን ለተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶውን ለማኅበራዊ ሳይንስ ይመድብ የነበረው የ70 በ30ው የቅበላ ፖሊሲ ብዙ ሰው ዘንድ አንድ አመለካከት ትቶ አልፏል። ማኅበራዊ ሳይንሱ ለዋናዎቹ ሙያዎች አጃቢ ነው የሚል። እኛ ራሳችንም ተቀብለነዋል መሰለኝ።

እስቲ አንድ የምህንድስና መምህር አስቢ። ስለ ጥቁር አፈርና ስለ ቤት መሠረት ሦስት ዓመት አጥንቷል። ከግቢው አጥር ውጭ በዚያው አፈር ላይ ሰው ቤት እየሠራ ግድግዳው ይሰነጠቅበታል። መምህሩ ያገኘውን የዚህ ቤት ባለቤት አልሰማም። የራሱ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎችም አልሰሙም፤ ኮርሱ ከቆየ ሃንድአውት ነዋ የሚሰጠው። ምርምሩ ወደ ክፍል አልገባም፣ ወደ ሰፈርም አልወጣም። ሁለቱንም በር መክፈት የእኛ ሙያ ነው። በወር አንድ ቀን ከየዲፓርትመንቱ አንድ መምህር ጥናቱን በአሥር ደቂቃ፣ ያለ ስላይድ፣ ለሌላ ዲፓርትመንት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያስረዳ። ተማሪዎችሽ ይቅረጹት፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጭር ዜና ይሥሩበት። ለእነሱ ፕራክቲካል ነው። ለአንቺ ደግሞ ሳይንስ እንዴት ይነገራል የሚል ጥናት። ለዩኒቨርሲቲው የማኅበረሰብ አገልግሎት ሪፖርቱ ነው። ሕዝብ ግንኙነት ቢሮውም ለመጽሔቱ የሚሆን ነገር ያገኛል፤ ምናልባት ባነሩን ራሱ ማረም ይጀምር ይሆናል።

ክፍል ውስጥ ያለውንም አንርሳ። የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው ይባላል። በማንኛውም ክፍል በር ላይ ጆሮሽን ብትጥዪ መምህሩ ስላይዱን በእንግሊዝኛ ያነብና «እና ምን ለማለት ነው…» ብሎ በአማርኛ ሲቀጥል ትሰሚያለሽ። ተማሪው የሚጠይቀውም ያኔ ነው። መምህሩ መቼ ነው ቋንቋ የሚቀይረው? ለቀልድ? ለማብራራት? ለቁጣ? ይህን ከአንድ ፈቃደኛ ባልደረባ ጋር ብታጠኚ ውጤቱን ለመምህራን በሚሰጠው የማስተማር ሙያ ሥልጠና፣ በኤች ዲ ፒ፣ ላይ ማቅረብ ይቻላል። የማስተማር ጥራት የሚባለውን ነገር ከቃል ወደ ማስረጃ የሚያመጣው እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ከእኛ ዲፓርትመንት የተሻለ የሚሠራው ያለ አይመስለኝም፤ ምናልባት የቋንቋ ዲፓርትመንቶቹ። ከእነሱ ጋር ብትተባበሪ ደግሞ አይከፋም።

ለዲናችሁ ግን ይህን ሁሉ በቃል አትንገሪያቸው። ስብሰባ ላይ የተነገረ ነገር ቃለ ጉባኤ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። አንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጂ። በአንድ በኩል ኮርሱ፣ በሌላው ከኮርሱ የሚወጣው ዳታ፣ ቀጥሎ የሚጻፈው ጽሑፍ፣ በመጨረሻ የምትፈልጊው ነገር። የምትፈልጊውም ትንሽ ይሁን። «ሎድ ይቀነስልኝ» ካልሽ መልሱ «መምህር የለም» ነው። «አራቱም ሴክሽኖቼ የአንድ ኮርስ ይሁኑ» ካልሽ ግን ማንም ምንም አይከፍልም፤ አንቺ ግን የዝግጅት ጊዜሽን ትቆጥቢያለሽ።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሴሚስተር የኮርስ ምደባ ከመለጠፉ በፊት የዲፓርትመንት ኃላፊሽን አግኚያቸው። ከተለጠፈ በኋላ ማስቀየር ከባድ ነው። የምርምር ዘዴ ኮርሱንም ጠይቂ፤ ብዙ መምህር ስለሚሸሸው ደስ ብሏቸው ይሰጡሻል። በሳምንት ክፍል የማይገባበት አንድ ከሰዓት እንዲተዉልሽም አስይዢ። ዓርብን ግን እንዳትመርጪ፤ ስብሰባ የሚጠራው ያን ቀን ነው።